ካሳ እና ነፍጡ፦ ከደባርቂ ሽንፈት እስከ መቅደላዋ ሽጉጥ

ከገዳሪፍ ተነስቶ ወደ ጋላባት የሚወስደው መንገድ የማሽላና የሰሊጥ እርሻዎችን እየሰነጠቀ ይወርዳል። በክረምት ጥቁሩ መሬት ጭቃ ሆኖ መኪና ይይዛል፤ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ እግር ሊውጥ ይደርሳል። መንገዱ የሚያበቃው አንድ አጭር ድልድይ ላይ ነው። ወዲህ ጋላባት፣ ወዲያ መተማ።

እአአ በሚያዝያ 2023 በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወደ ኢትዮጵያ የተሻገሩት በዚህ በኩል ነበር። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ2020 መጨረሻ፣ የስደቱ አቅጣጫ የተገላቢጦሽ ነበር፤ ከኢትዮጵያ የሸሹ ቤተሰቦች በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባ መጠለያ ሰፈሩ። ስደተኛው ከየትም ወገን ይምጣ፣ በኬላው ላይ ፈታሾች ከሁሉ አስቀድመው የሚፈልጉት መሣሪያ ነው።

በዚህ ምድር መሣሪያ ሁልጊዜም የመጀመሪያው ጥያቄ ነበር። ከ170 ዓመታት በላይ አስቀድሞ አንድ የቋራ ሽፍታ ይህንኑ ቆላ አቋርጦ ከግብፅ ጦር ጋር ሊገጥም ሄደ፤ ተሸንፎም ተመለሰ። ሰውየው በኋላ ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። የሕይወቱ ታሪክ ብዙ ጊዜ ተነግሯል፤ ብዙ ጊዜም የሚነገረው ከመጨረሻዋ ጥይት ወደ ኋላ ነው። ከድንበሩ ወገን ሲታይ ግን ታሪኩ የሚጀምረው ከሌላ ቦታ ነው። አቅሙ ውስን የሆነ ሰው ጥሩ መሣሪያ ከየት ያገኛል? የትኛውን ይመርጣል? ቢያገኝስ ምን ያጎርሰዋል?

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቆላው ልጅ

ካሳ ኃይሉ በ1818 ገደማ በቋራ ሻርጌ በተባለ ስፍራ ተወለደ። ቋራ ከደጋው ጌቶች ዓይን የራቀ፣ ወደ ሱዳን ሜዳ የሚያዘቀዝቅ ሞቃት አገር ነው። አባቱ ከአካባቢው መኳንንት ወገን ሲሆን ገና በልጅነቱ ሞተበት። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ በድህነት ስላሳደገችው በኋላ ጠላቶቹ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቡት ነበር። ለትምህርት የተሰጠው በጣና አቅራቢያ ለነበረው ለጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም ነው። በጦርነት የተሸነፈ አንድ መስፍን ንዴቱን በገዳሙ ተማሪዎች ላይ ሲወጣ ካሳ ከዕልቂቱ ካመለጡት ጥቂት ልጆች አንዱ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያደገው በዘመዱ በደጃዝማች ክንፉ ቤት፣ በጦረኞች መካከል ነው። ያ ጊዜ ድንበሩ የተቀየረበት ጊዜ ነበር። የግብፁ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ጦር ከ1820 ጀምሮ ሱዳንን ይዞ ወደ ኢትዮጵያ ቆላማ ጠረፍ እየተጠጋ ነበር። ዛሬ ገዳሪፍ የምትባለው ከተማ ያኔ የሽኩሪያ ዘላኖች የሚገበያዩባት ሱቅ አቡ ሲን ነበረች። በ1837 ደጃዝማች ክንፉ የግብፅን ኃይል በጠረፉ ላይ ድል አደረጉ። ይህ ድል በጎንደርና በቋራ የተዋጊውን ልብ ሞላ፤ ብዛትና ጀግንነት ካለ ሌላው ትርፍ ነው የሚል እምነትም አተረፈ። የካሳ ወጣትነት ያለፈው በዚህ እምነት ውስጥ ነው ብሎ መገመት ይቻላል።

ክንፉ ከሞቱ በኋላ ካሳ ቋራን የሚያወርሰው አጥቶ ሸፈተ። የቆላ ሽፍታ ኑሮ ስለ መሣሪያ የሚያስተምረው ብዙ ነው። በዘመኑ በአገሩ በብዛት የሚገኘው በክር የሚለኮስ ጠመንጃ ነበር። ከአፈሙዙ ባሩድና እርሳስ ይጎርሳል፤ ተኳሹ የሚጨስ ክር ይዞ ይጠብቃል፤ ክሩ ባሩዱን ሲነካ ይተኩሳል። ዝናብ ከመጣ ክሩ ይጠፋል፤ በሌሊት የክሩ ፍም ከሩቅ ይታያል። አንድ ጥይት ከተተኮሰ በኋላ ዳግመኛ እስኪጎርስ ድረስ ፈረሰኛ ጦሩን ይዞ ይደርሳል። እንዲያም ሆኖ ይህ ጠመንጃ አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው፦ ድሃ ሊመግበው ይችላል። ባሩዱ በአገር ቤት ይቀመማል፤ ክሩ በአገር ቤት ይገመዳል፤ ሲሰበርም ቀጥቃጭ ይጠግነዋል።

በአውሮፓ በዚያው ዘመን መሣሪያው ተለውጦ ነበር። አዲሱ ጠመንጃ ክርም የእሳት ድንጋይም አይፈልግም፤ ቃታው ሲሳብ መዶሻው አንዲት ትንሽ የመዳብ ቆብ ይመታል፣ በቆቧ ውስጥ ያለው ፈንጂ ቅመም ባሩዱን ያቀጣጥላል። ዝናብ ብዙም አያስቸግረውም፤ ዒላማውንም በተሻለ ይጠብቃል። ነገር ግን ቆቧን የሚሠራ በጎንደርም በቋራም አልነበረም። ቆቧ ካለቀች ምርጡ የለንደን ጠመንጃ ውድ ዱላ ይሆናል። ስለዚህ የመሣሪያው ዋጋ በገበያው ላይ የሚከፈለው ማርትሬዛ ብቻ አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ በየወሩ የሚበላው ነው። መሣሪያ ሲገዛ ይህን የሚረሳ ሰው ዛሬም አይጠፋም።

ደባርቂ

በ1847 ካሳ የጎንደርን ገዥ እቴጌ መነንን ማረከ፤ የልጅ ልጃቸውን ተዋበች ዓሊንም አስቀድሞ አግብቶ ነበር። ኃይሉ ሲበረታ ፊቱን ወደ ምዕራብ መለሰ። በ1848 ወደ ሱዳን ምድር ዘልቆ በደባርቂ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠመ።

በቁጥር የካሳ ወገን በብዙ ይበልጥ ነበር። ግብፆቹ ግን ምሽግ ይዘው፣ መድፍ ጠምደው፣ በትእዛዝ ይተኩሱ ነበር። አንዱ ረድፍ ሲያጎርስ ሌላው ይተኩሳል። የቋራ ፈረሰኛና ጦረኛ እንደ ልማዱ እየፎከረ ተወረወረ፤ ከምሽጉ ሳይደርስም ረገፈ። ካሳ ብዙ ሰዎቹን አጥቶ ወደ ቆላው ተመለሰ።

ይህ ውጊያ በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ገጽ አይሰጠውም። ከጉር አምባና ከአይሻል ድሎች ጋር ሲነጻጸር የሚያኮራ ነገር የለውም። በእኔ ግምት ግን ከድሎቹ ሁሉ በላይ ሰውየውን የሠራው እርሱ ነው። ከደባርቂ በኋላ ካሳ ስለ መድፍ፣ ስለ ተኩስ ሥርዓትና ስለ ወታደር ሥልጠና ማሰብ አላቆመም። ጠላቱ ብሎ የሚጠራውም ከዚያ በኋላ ባብዛኛው ቱርክ ነው፤ በእርሱ አንደበት ግብፁም ኦቶማኑም አንድ ስም ነበራቸው።

በአገር ውስጥ ግን ተፎካካሪዎቹ ሁሉ ከእርሱ የተሻለ ሥልጠና አልነበራቸውም። በ1852 ደጃዝማች ጎሹን በጉር አምባ፣ በ1853 ራስ ዓሊን በአይሻል፣ በየካቲት 1855 ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ አሸነፈ። ውቤ ለምፅዋ በር ቅርብ ስለነበሩ ከሁሉ የበለጠ ጠመንጃ የሰበሰቡ ሰው ነበሩ፤ ያ ሁሉ መሣሪያ በአንድ ቀን ለካሳ ገባ። በዚያው ሰሞን በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

የተዘጉ ሁለት በሮች

ከነገሡ በኋላ የአፄ ቴዎድሮስ ችግር ገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ በርም ነበር። ምፅዋ በቱርኮች እጅ ነበረች፤ ከ1860ዎቹ አጋማሽ በኋላ ደግሞ ለግብፅ ተላልፋለች። በምዕራብ ከሰላና ገዳሪፍ በግብፅ እጅ ነበሩ። በመካከል የቀረችው መተማ ብቻ ነበረች። መተማን የሚያስተዳድሩት ከዳርፉር አቅጣጫ መጥተው የሰፈሩት የተክሩር ሰዎች ሲሆኑ ሼኻቸው ለሁለቱም ወገን፣ ለንጉሡም ለግብፅም ግብር ይከፍል ነበር። በገበያው ቡና፣ ማር፣ ሰም፣ በቅሎ፣ ጥጥ፣ ባሪያም ይሸጥበታል። ብዙ መሣሪያ ግን በዚያ አያልፍም፤ ግብፅ የነገ ጠላቷን ልታስታጥቅ አትፈልግም።

አፄ ቴዎድሮስ እንግሊዛውያን ወዳጆች ነበሯቸው። ጆን ቤል የቅርብ ባለሟላቸው ሆኖ አብሯቸው ኖረ፤ ቆንሲሉ ዋልተር ፕላውደንም ይወዳጃቸው ነበር። በ1860 ፕላውደን በጎንደር አቅራቢያ በዐማፅያን ቆስሎ ተያዘ። ንጉሡ ማስለቀቂያ ገንዘብ ከፈሉለት፤ ሰውየው ግን በቁስሉ ሞተ። በዚያው ዓመት ቤልም ደሙን ለመመለስ በተደረገ ውጊያ ወደቀ።

በ1862 አዲሱ ቆንሲል ቻርልስ ካሜሮን ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከ ስጦታ ይዞ መጣ። ከስጦታው መካከል ጥንድ ሽጉጦች ይገኙበት ነበር። በብር ሰሌዳ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ንግሥቲቱ ለአገልጋይዋ ለፕላውደን ለተደረገው ቸርነት ምስጋናዋን የምትገልጽበት ትንሽ ምልክት መሆኑን ይናገራል።

የእንግሊዝ ሽጉጥ ሥራ በዚያን ጊዜ በላቀ ደረጃ ላይ ነበር። በ1851 በለንደን በተካሄደው ታላቅ ዐውደ ርዕይ አሜሪካዊው ሳሙኤል ኮልት ተሽከርካሪ ሽጉጦቹን ካሳየ በኋላ፣ ከእንግሊዛዊው ሮበርት አዳምስ ጋር የገቡት ፉክክር ሥራውን አሻሽሎት ነበር። ለንጉሥ የተላከ ስጦታ ደግሞ ከገበያ ዕቃ የተመረጠ እንደሚሆን አያጠራጥርም። አፄ ቴዎድሮስ ሽጉጥ የሚወዱና ከወገባቸው የማይለዩ ሰው ስለነበሩ ስጦታውን ዋጋ ሰጥተው ተቀበሉት።

ነገር ግን ሽጉጥ የቅርብ መሣሪያ ነው። አፈሙዙ አጭር ስለሆነ ከጥቂት ርምጃ በላይ ዒላማን አይጠብቅም። በፈረስ ላይ ለተቀመጠ ሰው፣ በድንኳን ውስጥ ለተኛ ሰው፣ ወዳጁን ለማያምን ሰው ይጠቅማል። አገር አይጠብቅም፤ ደባርቂንም አይመልስም። ንጉሡ የፈለጉት ሌላ ነበር። በጥቅምት 1862 መጨረሻ ለንግሥቲቱ በጻፉት ደብዳቤ ምስጋናቸውን አቅርበው፣ መልእክተኞች ወደ ለንደን ሊልኩ እንዳሰቡና መንገዱን የያዙት ቱርኮች እንዳያስቸግሯቸው እንድትረዳቸው ጠየቁ። የተከፈተ በርና የእጅ ባለሙያ የሚፈልግ ሰው ሽጉጥ ተቀብሎ የጻፈው ደብዳቤ ነው።

ደብዳቤው ለንደን ደረሰ፤ መልስ ግን አልተሰጠውም። መሥሪያ ቤቱ ወረቀቱን ከሌሎች ወረቀቶች ጋር አኖረው።

ካሜሮን ደግሞ ደብዳቤውን በሌላ ሰው እጅ ልኮ ራሱ ወደ ቦጎስ፣ ከዚያም ወደ ከሰላና ወደ መተማ ሄደ። ያ ጊዜ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለእንግሊዝ ፋብሪካዎች የሚሄደውን ጥጥ ያቋረጠበት ነበር፤ የቆንሲሉ ዓይንም በምሥራቅ ሱዳን የጥጥ መሬትና ንግድ ላይ ወደቀ። የዛሬው የገዳሪፍ ተጓዥ በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያየው ያ መሬት ነው። ለካሜሮን ይህ የተለመደ የቆንሲል ሥራ ሊሆን ይችላል። ለአፄ ቴዎድሮስ ግን ትርጉሙ ሌላ ነበር። ወዳጅ ነኝ ብሎ ሽጉጥ ያቀበላቸው ሰው መልስ ሳያመጣ፣ በደባርቂ ባሸነፋቸው ጠላት ቤት እየተስተናገደ ከርሞ በመተማ በኩል ተመለሰ። በጥር 1864 ካሜሮንን አሰሩት።

ጋፋት

መግዛት ያልቻለ ሰው መሥራት ይጀምራል። በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት በተባለ ስፍራ ንጉሡ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ የቅዱስ ክሪሾና ሚሲዮን የእጅ ባለሙያዎችን፣ ቴዎፊል ዋልድማየርንና ጓደኞቹን፣ አሰፈሩ። ፈረንሳዊው የመሣሪያ ሠራተኛ ቡርጎና ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆልም አብረዋቸው ነበሩ። ሚሲዮናውያኑ መድፍ ማቅለጥ እንደማያውቁ ቢናገሩም ትእዛዙ አልቀረም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ሁለተኛውም እንደዚያው። ንጉሡ በእያንዳንዱ ሙከራ ላይ ይገኙ ነበር፤ ሲሳካ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም፤ ሠራተኞቹንም በገንዘብና በልብስ ሸለሙ።

የሚያስደንቀው ውሳኔው ነው። ጥንድ የእንግሊዝ ሽጉጥ በመታጠቂያቸው ላይ እያለ፣ ሥራው ጥሬ የሆነውን፣ ከባዱን፣ ነገር ግን በገዛ አገራቸው አፈር ላይ የቀለጠውን መድፍ መረጡ። የጥራት ሚዛን ብቻ ቢሆን ምርጫው የሚያስቅ ነበር። እርሳቸው ግን የሚቀጥለውን ማን ይሠራዋል የሚለውን ጥያቄ ጨምረው መዝነውታል።

ምርጫው ያለ ጥፋት አልነበረም። የጋፋት መድፎች እያደጉ ሄዱ፤ በክራይሚያ ጦርነት በተከበበችው ከተማ ስም ሴባስቶፖል የተባለው ወደ ሰባት ቶን ይመዝን ነበር። አገሩ በዐመፅ እየፈረሰ፣ ጎንደር በገዛ ንጉሧ ተዘርፋና ተቃጥላ፣ ገበሬው እየሸሸ ባለበት ጊዜ ይህን ያህል ብረት ማቅለጥ ከትጋት ወደ ሌላ ነገር ተሻግሮ ነበር። ዒላማ ላይ በቶሎ የሚዞርና ደጋግሞ የሚተኩስ ትንሽ መድፍ ይሻል እንደነበር ዛሬ ላይ ሆኖ መናገር ቀላል ነው።

በ1866 የንግሥቲቱ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም ደረሰ። ከምፅዋ ተነስቶ በከሰላ በኩል የገዳሪፍን ሜዳ አቋርጦ፣ በኅዳር 1865 መተማ ገብቶ፣ በዚያው የቋራ ቆላ በኩል ነበር የወጣው። ንጉሡ በክብር ተቀበሉት፤ ከዚያ ግን እርሱንም ያዙት። ማርቲን ፍላድ የተባለውን ሚሲዮናዊ ወደ እንግሊዝ ልከው የጠየቁት የእጅ ባለሙያዎችና የፋብሪካ ዕቃዎች ነበር። ለንደን በዚህ ጊዜ እሺ አለች። ባለሙያዎቹ ከነዕቃቸው ምፅዋ ደረሱ። እስረኞቹ ካልተፈቱ አይለፉ ተባለ፤ ንጉሡ ደግሞ ባለሙያዎቹ ካልመጡ እስረኞቹን አልፈታም አሉ። ዕቃው በምፅዋ ሙቀት ውስጥ ቆይቶ፣ ሰዎቹ ወደ መጡበት ተመለሱ። ከመላው ታሪክ ውስጥ ይህ የምፅዋ ጥበቃ ለእኔ ከመቅደላ የበለጠ ያሳዝናል።

መቅደላ

በጥቅምት 1867 አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሴባስቶፖልን በሠረገላ ጭነው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር ይጎትቱታል። ገደሉን እየቆፈሩ መንገድ ሠሩ፤ ንጉሡም ድንጋይ እያነሱ አብረው ሠሩ። ወደ ስድስት ወር ፈጀባቸው።

ከባሕር በኩል ደግሞ ጀኔራል ሮበርት ናፒየር 13 ሺህ ያህል ወታደሮችና 44 ዝሆኖች ይዞ ከዙላ ወጣ። ለዚህ ዘመቻ እንግሊዝ ያወጣችው ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ይጠጋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የመልስ ደብዳቤ ምን ያህል ያስወጣት ነበር?

ሚያዝያ 10 ቀን 1868፣ የስቅለት ዕለት፣ በአሮጌ ሜዳ ላይ ሁለቱ ተገናኙ። ሰማዩ ነጎደ፤ ዝናብ ጣለ። ከጋፋት መድፎች አንዱ ትልቁ፣ ባሩድ በዝቶበት ሲተኮስ ፈነዳ። ፊታውራሪ ገብርዬ ሠራዊቱን እየመራ ከተራራው ወረደ። የእንግሊዝ እግረኛ የያዘው ከኋላ የሚጎርስ አዲስ የስናይደር ጠመንጃ ነበር፤ በደቂቃ ወደ አሥር ጊዜ ይተኩሳል፣ ተኳሹ ሳይቆም ተኝቶ ያጎርሰዋል። የኢትዮጵያውያኑ ጠመንጃ ከአፈሙዙ የሚጎርስና አብዛኛው እርጥብ ነበር። ደባርቂ ከሃያ ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ። ገብርዬን ጨምሮ ወደ 700 ሰዎች ሞቱ፤ ከ1 ሺህ በላይ ቆሰሉ። ከእንግሊዞች የቆሰሉት 20 ያህል ብቻ ነበሩ። ሴባስቶፖል ያን ያህል የተጎተተበትን ጥይት አልተኮሰም።

በማግስቱ ንጉሡ ሽጉጣቸውን መዘው ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ ባለሟሎቻቸው ደርሰው ያዟቸው። ከዚያ እስረኞቹን ለቀቁ። የሰላም ምልክት አድርገው ለፋሲካ የሚሆን ከብት ለናፒየር ላኩ። እንግሊዞቹ ግን እጃቸውን እንዲሰጡ ጠየቁ። የፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ ሚያዝያ 13፣ ወታደሮቹ የመቅደላን በር ሰብረው ሲገቡ ሬሳቸውን አገኙ። በአጠገባቸው የወደቀችውን ሽጉጥ አንስተው ሲያገላብጡ የብር ሰሌዳዋን አነበቡ፦ የራሳቸው ንግሥት ስምና የምስጋናዋ ቃል ተጽፎባታል።

ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ ነው። አምሳያው አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

ናፒየር ከመውጣቱ በፊት ለማለፊያ መንገድና ለስንቅ ለረዱት ለትግራዩ ደጃዝማች ካሳ ምርጫ መድፎችና በመቶዎች የሚቆጠሩ ጠመንጃዎች ከነጥይታቸው ሰጠ። ካሳ ምርጫ በእነዚያ መሣሪያዎች ተፎካካሪዎቻቸውን አሸንፈው በ1872 አፄ ዮሐንስ አራተኛ ተብለው ነገሡ። በመጋቢት 1889 ከሱዳን መህዲስቶች ጋር ሊገጥሙ ወደ ምዕራብ ቆላ ወረዱ። ውጊያው በድል ሊያበቃ ሲቃረብ በጥይት ቆሰሉ፤ ሌሊቱን አድረውም ሞቱ። ቦታው መተማ ነው፣ የገዳሪፍ መንገድ የሚያበቃበት።